ዜብራፊሽ ስለ ፓርኪንሰን ደዌ ሊመሰክር ይችላልን?

በዚህ ዓመት በተማሪዎች የምርምር ክበባችን ብዙ ክርክር ካስነሡት ጉዳዮች አንዱ፥ በሀና ማርያም ካሉን ክፍሎች አንዱ ጸድቶ ዜብራፊሽ የሚባለው ትንሽ ዓሣ እንዲረባበትና የፓርኪንሰን ደዌም በእርሱ አማካይነት እንዲጠና የቀረበው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ብዙ አንብበዋል፤ ድካማቸውንም እናከብራለን። ይሁን እንጂ ከንባባቸው መርጠው ያቀረቡልን ዓሣው የተመሰገነበትን ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፥ እኛ ያንኑ ንባብ ደግመን መርምረን ዓሣው በዚህ ደዌ ነገር ምን ሊመሰክር እንደሚችልና በምን ላይ ምስክርነቱ እንደማይያዝ ለይቶ ማሳየት ተገቢ መስሎ ታየን። ክፍሉ አንድ ነው፤ ገንዘቡም ያው ትንሽ ነው፤ ለዓሣ ከዋለ ለሌላ ሊውል አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ደዌው ጥቂት እንበል። ጀምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም በ1817 «ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ የስድስት ሰዎችን ታሪክ ብቻ ጻፈ። ከስድስቱም ሦስቱ በመንገድ ያገኛቸው ወይም ከሩቅ ያያቸው እንጂ ሊታከሙ ወደ እርሱ የመጡ አልነበሩም። ዛሬም በማርያም ቀን ወደ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከሚመጡት አረጋውያን መካከል፥ እጁ በጭኑ ላይ ዐርፎ ሳለ የሚርገበገብ፥ ሲራመድ እግሩን የሚጎትት፥ ፊቱም ስሜቱን የማያሳይ ሰው ያየ ተማሪ፥ ፓርኪንሰን ያየውን ማየቱ ሊሆን ይችላል። ቤተ ዘመድ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ለመሆኑ በአገራችን ይህ ደዌ ስንት ሰው ይዟል? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በሚገኝ ገጠር 60,820 ሰዎች ባሉበት ሕዝብ ውስጥ የነርቭ ደዌዎችን ፈልገው በ1990 ያሳተሙት ጥናት፥ ፓርኪንሰን ከ100,000 ሰው 7 ሰው እንደሚይዝ ይናገራል። ሒሳቡን መልሰን ብናሰላው የተገኙት ሕሙማን አራት ሰዎች ያህል ናቸው ማለት ነው። ጥናቱ በዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበረ፤ ዛሬም የምንጠቅሰው እርሱን ነው። የቁጥሩን ማነስ ግን እንዴት እንረዳው? የገጠሩ ሕዝብ በአብዛኛው ወጣት መሆኑና ደዌው የሽማግሌዎች መሆኑ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የታመመው አረጋዊ በቤቱ ተቀምጦ እንደ ሕመምተኛ አለመቈጠሩም ሌላው። ይህን የምናነሣው በኋላ ስለምንመለስበት ነው።

በደዌው የሚጎዳው ዋና ስፍራ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ያለው፥ ሲቈረጥ ጠቍሮ የሚታየው ክፍል ነው። በዚያ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ እነርሱ ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፥ አካል ይገተራል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ከጠፉ በኋላ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በ1957 አርቪድ ካርልሰን በስዊድን ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው አሳየ፤ በ1960 ደግሞ በቪየና በፓርኪንሰን በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን መጕደሉ ተረጋገጠ። እስከ ዛሬ ዋናው መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ በ1913 ተነጥሮ የወጣው ከባቄላ ነው፤ ይኸውም በጾም ቀን ሹሮ የምናደርገው፥ በቈልት የምንበላው ባቄላ ነው። እንዲህ ስንል ግን ባቄላ መድኃኒት ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ እንዳይኖር እናሳስባለን፤ በውስጡ ያለው መጠን እንደ ዘሩና እንደ ብስለቱ ይለያያልና።

ወደ ዓሣው እንምጣ። ዜብራፊሽ ስሙ እንደሚያመለክተው የሜዳ አህያ መሳይ ዓሣ ነው፤ በጎኑ ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጉ ሰማያዊ መስመሮች አሉት፤ ርዝመቱ ከአራት ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አገሩ ሕንድ፥ ባንግላዴሽና ኔፓል ሲሆን፥ ለሳይንስ ያስታወቀው ፍራንሲስ ሃሚልተን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1822 ስለ ጋንጅስ ዓሦች በጻፈው መጽሐፍ ነው። በላቦራቶሪ ዝናው የተስፋፋው ጆርጅ ስትራይሲንገር በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በ1981 ካሳተመው ጽሑፍ ወዲህ ነው። በ1996 በጀርመን በቲዩቢንገንና በአሜሪካ በቦስተን የነበሩ ሁለት ቡድኖች ጂናቸው የተለወጠ ዓሦችን በብዛት አፍርተው ውጤቱን ባንድ ጊዜ አወጡ። በ2013 ደግሞ የዓሣው የጂን መዝገብ ታትሞ፥ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዓሣው ዘንድ ቢያንስ አንድ ዘመድ እንዳላቸው ታወቀ።

የዓሣው ጥቅም ግልጽ ነው። እንቁላሉ ከእናቱ አካል ውጭ ያድጋል፤ ሽሉም እንደ ብርጭቆ የጠራ ስለ ሆነ ልቡ ሲመታ፥ ነርቩ ሲዘረጋ በሕይወት ሳለ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ በአምስተኛው ቀን ይዋኛል፤ በሦስት ወር ይራባል። አንዲት ሴት ዓሣ ባንድ ጊዜ ከመቶ የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች። አይጥ በሚረባበት ቤት ወራት የሚፈጀውን ሥራ በዚህ ዓሣ በሳምንት መጨረስ መቻሉን ማንም አይክድም።

ሒሳችን የሚጀምረው ከዚያ ከ70 በመቶው ነው። ጓደኞቻችን ይህን ቁጥር ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ ቁጥሩም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከጎደለው ወገን ያለው አንድ ጂን በዚህ ደዌ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ነው። በ1912 ፍሪትስ ሌዊ በሕሙማን የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ክብ ክብ ጥርቅሞችን አየ። በ1997 ጥርቅሙ በአብዛኛው አልፋ ሲኑክሊን ከተባለው ፕሮቲን የተሠራ መሆኑ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት የዚሁ ፕሮቲን ጂን ሲበላሽ ደዌው በዘር እንደሚወረስ ተገለጸ። ዜብራፊሽ ታዲያ የዚህ ፕሮቲን ዘመዶች የሆኑት ቤታና ጋማ ሲኑክሊን ሲኖሩት አልፋው የለውም። ስለዚህ አልፋ ሲኑክሊንን በዜብራፊሽ ለማጥናት የፈለገ ሰው የሰውን ጂን ከውጭ ማስገባት አለበት። እንዲህ ያለው ሥራ ይቻላል፤ ተሠርቷልም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚታየው ነገር እንግዳ ፕሮቲን ባላደገበት ቤት የሚያመጣው ጣጣ እንደ ሆነ፥ ወይስ የደዌው ጠባይ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል።

ስፍራውም ሌላ ነው። በሰው ዘንድ የሚሞቱት የዶፓሚን ሕዋሳት በመካከለኛው አንጎል ሲሆኑ፥ ዜብራፊሽ በዚያ ስፍራ የዶፓሚን ሕዋስ የለውም። የእርሱ የሚገኙት ከዚያ በፊት ባለው የአንጎል ክፍል በታችኛው ወገን ነው። በ2001 የታተመ ጥናት ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክራቸውን ወደ ፊተኛው አንጎል እንደሚልኩ ስላሳየ፥ የሰውን ሕዋሳት ተግባር የሚተኩ ናቸው ተብሎ ይታመናል። እኛም ይህን ማመሳሰል እንቀበላለን፤ ግን ማመሳሰል መሆኑ ባይረሳ ጥሩ ነው።

ስለ ዕድሜም እንዲሁ። ፓርኪንሰን በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ደዌ ነው። ሙከራው የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ በአምስት ቀን እጭ ላይ ነው፤ ያውም ዓሣው በላቦራቶሪ ሁለት ሦስት ዓመት የሚኖር ሆኖ ሳለ። ገና ነርቡ ተሠርቶ ያላለቀ ፍጡር የሕዋስ ቁጥሩ ቢያንስ፥ የነበረው ሞተ እንበል ወይስ ከመጀመሪያው ሳይፈጠር ቀረ? አንባቢ ይህን ጥያቄ በሚያነበው ጽሑፍ ሁሉ ላይ ቢያነሣ፥ ስንቶቹ መልስ እንደሚሰጡት ራሱ ያያል። በተጨማሪም ዜብራፊሽ የተጎዳ ነርቡን መልሶ የማብቀል ችሎታ አለው፤ የሰው አንጎል ይህ ጸጋ የለውም።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንግባ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንቈይ አንባቢ አይከፋብን፥ የክርክሩ ልብ ያለው እዚህ ነውና። ብርብራ በአገራችን በብዙ ስፍራ የሚገኝ፥ ለቡናም ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። ዘሩ ተወቅጦ ዱቄቱ በወንዝ ሲበተን ዓሦች ይደነዝዛሉ፥ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፥ ሰውም በእጁና በቅርጫቱ ይሰበስባቸዋል። ጣና ሐይቅ በሚገቡት ወንዞች፥ ላቢዮባርበስ የተባሉት የሐይቁ ልዩ ዘሮች እንቁላል ለመጣል ሽቅብ በሚወጡበት ወራት የሚደረገው ይህ አጠማመድ ዘራቸውን እንደሚጎዳ የዓሣ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚፈለገው ግን ሌላ ነው። በብርብራ ዘር ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ሮተኖን ይባላል፤ ይህም በዓለም ላቦራቶሪዎች የፓርኪንሰንን አምሳያ በእንስሳ ላይ ለመሥራት ከሚያገለግሉት ዋና ዋና መርዞች አንዱ ነው። በ2000 በአትላንታ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሮተኖንን በአይጦች ደም ውስጥ ቀስ በቀስ እያስገቡ የዶፓሚን ሕዋሳት መሞታቸውን፥ የሌዊን ጥርቅም የሚመስልም ነገር መታየቱን አስታወቁ። በ2011 ደግሞ በአሜሪካ በእርሻ መድኃኒት ረጪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፥ ሮተኖን የተጠቀሙት ካልተጠቀሙት ይልቅ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ፤ ፓራኳት ለተባለው የአረም መርዝም ተመሳሳይ ቁጥር ተገኘ።

እንግዲህ የጣና ገባር አጥማጅ ከሙቀጫው፥ የአትላንታው ሊቅ ከጠርሙሱ የሚያወጡት አንድ መርዝ ነው። ጓደኞቻችን ይህን ቢያውቁ ኖሮ ለሐሳባቸው ታላቅ ድጋፍ ባደረጉት ነበር። እኛ ግን ከዚሁ ነገር ተቃራኒውን ትምህርት እንወስዳለን።

ሮተኖን የሚገድለው እንዴት ነው? በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚመረትባቸው ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ሮተኖን የኃይሉን ሥራ የመጀመሪያ በር ይዘጋል፤ ሕዋሱ ኦክሲጅን በአጠገቡ እያለ ሊጠቀምበት አይችልም። መርዙ በስብ የሚሟሟ ስለ ሆነ ወደ ማንኛውም ሕዋስ ሳይከለከል ይገባል፤ ዓሣም በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ፈጥኖ ይቀበለዋል። በብርብራ የደነዘዘው ዓሣ የተንሳፈፈው ፓርኪንሰን ይዞት ነው የሚል የለም፤ መላ አካሉ ኃይል አጥቶ ነው። እንግዲህ በሀና ማርያም ክፍላችን በብርጭቆ ውስጥ ያለ እጭ ሮተኖን ተጨምሮበት መዋኘቱን ቢቀንስ፥ የፓርኪንሰን ምልክት ታየ ብለን የምንጽፈው በምን ማስረጃ ነው? የወንዙ ዓሣም መዋኘቱን ቀንሶ ነበር።

ልዩነቱን ለመረዳት ኤምፒቲፒ የተባለውን ሌላ መርዝ መመልከት ይበጃል። በ1982 በካሊፎርኒያ ወጣቶች በስውር የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው እንደ ድንጋይ ተገትረው ሐኪም ቤት ገቡ፤ ዊሊያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ በ1983 ነገሩን ሲገልጡ መርዙ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ መርዝ በሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ዶፓሚን በሚገባበት በር በኩል ወደ ዶፓሚን ሕዋሳት ገብቶ ይከማቻል። ውስጥ ገብቶ የሚያደርገው ሥራ ከሮተኖን ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው በር መምረጡ ነው። በዜብራፊሽ እጭ ላይ ሲሞከርም የዶፓሚን ሕዋሳት ቁጥር መቀነሱ፥ መርዙን የሚለውጠው ኢንዛይም በመድኃኒት ሲታገድም ሕዋሳቱ መትረፋቸው በ2005 ታትሟል። እንዲህ ያለው ሙከራ ይጥማል፤ የመርዙን መንገድ በአንድ ስፍራ ዘግቶ ውጤቱ መለወጡን ያሳያልና። በሮተኖን ነገር ግን ጽሑፎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በ2004 የወጣው ጥናት ለአራት ሳምንት ሮተኖን በተቀላቀለበት ውኃ የቈዩ ትልልቅ ዜብራፊሾች ላይ የፓርኪንሰንን የሚመስል ለውጥ አላገኘም፤ በ2017 የወጣው ግን አገኘሁ ይላል። ጓደኞቻችን ሁለተኛውን ብቻ ጠቅሰዋል።

ስለ ጂን ሙከራዎችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ላርክ 2 የተባለው ጂን መበላሸት በዘር ለሚወረሰው ፓርኪንሰን ከታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። በ2010 አንድ ቡድን የዚህን ጂን አንድ ክፍል በዜብራፊሽ ውስጥ ሥራ እንዲያቆም አድርጎ የዶፓሚን ሕዋሳት ጠፉ፥ መዋኘትም ተሰናከለ ብሎ ጻፈ። በ2011 ሌላ ቡድን ያንኑ ሥራ ደግሞ ሲሠራ ሕዋሳቱ ተለይተው አልጠፉም አለ። ሁለቱም የተጠቀሙበት መሣሪያ ሞርፎሊኖ ይባላል፤ ጂኑን ሳይነካ ትእዛዙን ለጥቂት ቀን የሚያፍን ነገር ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ ንጽጽር በሞርፎሊኖ ከታዩት ጕድለቶች 80 በመቶ ያህሉ ጂኑ ራሱ በተለወጠባቸው ዓሦች ላይ እንዳልታዩ አስታወቀ። አንዳንዶች መሣሪያው ሌላ ነገር ይጎዳል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጂኑ ሲለወጥ ዓሣው በሌላ ጂን ይካሳል ይላሉ፤ ክርክሩ የሁለቱም ወገን እውነት ያለበት ይመስለናል። ለማንኛውም ከ2015 በፊት በሞርፎሊኖ ብቻ የተጻፈን ውጤት እንደ ተረጋገጠ ነገር መጥቀስ አይገባም። በክበባችን የቀረበው ጽሑፍ ከጠቀሳቸው የጂን ሥራዎች የሚበዙት ከዚህ ወገን ናቸው።

መልካሙንም መናገር ተገቢ ነው። በ2013 ፒንክ 1 የተባለው ጂን ራሱ የተለወጠበት ዜብራፊሽ ታይቶ፥ የዶፓሚን ሕዋሳቱ መቀነሳቸውና የማይቶኮንድሪያው ሥራ መጓደሉ ባንድነት ተገለጠ። ከዚህ ዓሣ ብዙ የሚጠበቅ ነገር አለ። መድኃኒት ለመፈለግም አንድ እጭ በአንዲት ትንሽ ጕድጓድ፥ መቶ እጭ በአንድ ሳሕን ላይ አድርጎ መቶ ዓይነት ንጥረ ነገር መሞከር መቻሉን የሚያህል ምቾት በአይጥ አይገኝም። እግረ መንገዳችንን፥ በ2019 የአፍሪካ ዓሣ የሆነው፥ በዚምባብዌ የክረምት ኩሬዎች የሚኖረውና ዕድሜው ከጥቂት ወራት የማይበልጠው ኪሊፊሽ፥ አልፋ ሲኑክሊን ያለው መሆኑና ሲያረጅ የዶፓሚን ሕዋሳቱ በራሳቸው እንደሚቀንሱ ታትሟል። ስለ እርጅና ደዌ ዓሣ መጠየቅ የግድ ከሆነ፥ ከጋንጅስ ይልቅ የእኛው ክፍለ ዓለም ኩሬ ይቀርብ ነበር።

ክፍሉን በሚመለከት አጠር አድርገን እንናገር። ዜብራፊሽ የሚወደው ውኃ 28 ዲግሪ ያህል የሞቀ ነው፤ የሀና ማርያምን የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ሰው ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ መሥራት እንዳለበት ይገባዋል። መብራት ሲጠፋስ? የቧንቧ ውኃም በፈረቃ ሲመጣ በበርሜል መጠራቀም፥ ክሎሪኑም መውጣት አለበት፤ ክሎሪን ለዓሣ መርዝ ነውና። እነዚህ ችግሮች በብልኀትና በገንዘብ ይቃለላሉ። የማይቃለለው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የሞቀ ውኃ ደግሞ ከቀዘቀዘው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። የሕዋስን አተነፋፈስ በሚያፍን መርዝ ላይ የሚደረግ ሙከራ በእንዲህ ያለ ውኃ ሲሠራ፥ በሌላ አገር ከተጻፈው የመርዝ መጠን ጋር እንዲሁ ሊነጻጸር አይችልም። በቀረበው ሐሳብ ውስጥ የኦክሲጅን መለኪያ አንድም ስፍራ አለመጠቀሱ አሳዝኖናል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ዓሣው ይቅር ወይስ ይምጣ? ከመጣ ጥያቄው እንዲያንስ እንለምናለን። ለምሳሌ ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸክሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በዳርቻውም አትክልት ይለማል። የዜብራፊሽ እንቁላልን ለ96 ሰዓት በሚመረመር ውኃ ውስጥ አቈይቶ ጕዳቱን መመዝገብ በ2013 ዓለም አቀፍ ሥርዐት የወጣለት ሙከራ ነው። ይህ ስለ ፓርኪንሰን ምንም አይነግረንም፤ ስለ ወንዛችን ግን የሚያዝ ምስክርነት ይሰጣል። የብርብራንም ነገር መሞከር የሚሻ ቢኖር፥ መዋኘት መቀነሱን ብቻ አይቶ እንዳይጽፍ ሦስት ነገር እንጠይቀዋለን። የልቡ ምትና የሚወስደው ኦክሲጅን ይለካ፤ የዶፓሚን ሕዋሳት ሲቈጠሩ ሌሎች የነርቭ ሕዋሳትም በአጠገባቸው ይቈጠሩ፤ ሌቮዶፓ ሲሰጠው መዋኘቱ ይመለስ እንደ ሆነ ይታይ። ሌሎቹም አብረው ካለቁ፥ ሌቮዶፓም ካልመለሰው፥ ያየነው አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ያዩትን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበን ያልተጠየቀው ምስክር ነው። ብርብራን የሚወቅጠው፥ ዱቄቱን በእጁ የሚበትነው፥ ከዚያም በዚያው ውኃ ውስጥ የሚቆመው ሰው ነው። በቆላውና በስምጥ ሸለቆው ያለ ጭንብል መርዝ የሚረጨውም ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሲያረጁ ምን እንደሚገጥማቸው ከአምስት ቀን እጭ ልንሰማ አንችልም። በቡታጅራ ከተገኙት ከአራቱ ሰዎች ወዲህ የከተማችን የሽማግሌ ቁጥር ጨምሯል፤ የሚታመሙትም ሰዎች የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት በአዲስ አበባ እስኪቋቋም ድረስ ደርሰዋል። ቈጠራው ግን አብሮ አልሄደም።

ስለዚህ በክፍሉ ገንዘብ፥ ወይም ቢያንስ በከፊሉ፥ ከሀና ማርያም አካባቢ ጀምሮ ቤት ለቤት የሚደረግ ትንሽ የአረጋውያን ቈጠራ እንዲጀመር ሐሳብ እናቀርባለን። በሌሎች አገሮች ለዚህ የሚያገለግሉ ቀላል ጥያቄዎች አሉ፤ ነገር ግን እንዳሉ መተርጐም አይበቃም። «ጽሕፈትዎ ከድሮው አንሷልን?» የሚለው ጥያቄ ፊደል ላልቈጠሩ እናት ዋጋ የለውም፤ በእርሱ ፈንታ ነጠላ ማጣፋት፥ እንጀራ ቈርሶ ወጡን መጠቅለል፥ ከዱካ መነሣት፥ በቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ተመልሶ መቆም እንዴት እንደ ሆነ ይጠየቅ። ከጥያቄዎቹም አንዱ በወጣትነታቸው ብርብራ ወቅጠው ወይም የእርሻ መርዝ ረጭተው ያውቁ እንደ ሆነ ይሁን፤ በሀና ማርያም ከሚኖሩት አረጋውያን ብዙዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ናቸውና። የተጠረጠረውን ሰው የነርቭ ሐኪም እንዲያየው አስቀድሞ ስምምነት መደረግ አለበት፤ ያለዚያ ሰውን አስደንግጦ መተው ይሆናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ሳይወጣ ማንም በር አያንኳኳ። ከክረምቱ ዕረፍት በፊት የጥያቄውን ወረቀት ለማዘጋጀትና በየቤቱ ለመዞር ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች፥ ለዓሣው የተከራከሩትም ጭምር፥ ስማቸውን ለክበቡ ጸሐፊ ቢያስመዘግቡ ሥራው በዚህ ዓመት ሊጀመር ይችላል።